አባዬ ዝም የሚልበት ዙር

ወንድሜ የሞላው ቦታ ባዶ አልነበረም። ይህን ለሰባት ዓመት በሆዴ ይዤ ዞሬያለሁ። አባቴ ይሄይስ በበገና ከሚላቸው መዝሙሮች ሁሉ አንዲት ነበረች፤ እኛ ቤት «የወንዟ» እንላታለን። ሁዳዴ ሲገባ በገናውን ከሚስማሩ ያወርድና፣

«ወንዙ ሞልቶብኛል፣ ማዶ ቀርቻለሁ፣
ድምፅህን ላክልኝ፣ በሱ እሻገራለሁ»

ይላል። ከዚያ ዝም። እጁ አያቆምም፤ አፉ ብቻ ነው የሚዘጋው። አውታሩ ያንኑ ዙር ለብቻው ይዞራል፣ አባዬ ራሱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፣ ዙሩ ሲያልቅ ምንም እንዳልሆነ ወደሚቀጥለው ስንኝ ያልፋል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ። አንድም ዓመት ስቶት አያውቅም። አባዬ በሞተ በአርባው ቀን ተዝካር ላይ ወንድሜ ኃይለሚካኤል ያችኑ መዝሙር አነሣና እዚያ ዙር ላይ የራሱን ስንኝ ከተተበት። ስለ ንስሐ ነው፤ መጥፎ ስንኝ አይደለም። ሰው አለቀሰ፣ «አባቱን ተካ» ተባለ። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆሜ፣ ሰው በተቀበረበት መሬት ላይ ቤት ሲሠራ እንዳየ ሰው ሆንኩ።

ምክንያቱም ያቺ ዙር የአንጓች ናት ብዬ ነው የማውቀው። አንጓች ታናሼ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መንግሥት ከወሎ ጭኖ ወደዚህ ጫካ ሲያመጣን እኔ ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር፣ እሷ ገና አፏን የፈታች። ቴፒ መጠለያው ውስጥ ወባ ያዛትና አልቆየችም። ጫካው ዳር ቀበሯት። እናቴ ከቀብር ስትመለስ «ከዛሬ ወዲያ ስሟን የሚጠራ ከኔ ጋር አንድ ጣራ ሥር አያድርም» አለች። አልጠራንም። አድጌ ነጋዴ ሆኜ ለኮረሪማ ወደ ቴፒ ስመላለስ ቦታውን ፈለግኩት፤ አባዬ መስቀል የቀረጸበት ዛፍ ተቆርጧል፣ ቡና ተተክሏል፣ ሰዎች ዘንቢል ወገባቸው ላይ አስረው ይለቅማሉ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ዝም ብዬ ተመለስኩ። ኃይለሚካኤል የተወለደው ከስንት ዓመት በኋላ እዚህ ሚዛን ከተማ ነው። ከኔ ሌላ እኅት እንደነበረችው የነገረው የለም። እንግዲህ ለአንጓች መቃብር የለ፣ ፎቶ የለ፣ ስም የለ፤ የቀራት ያቺ የአባዬ ዝምታ ነበረች፣ እሷንም ወንድሜ ሞላት።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ውስጥ ነበርኩ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ የሚዛን መጋቢት እንዲህ ነው። ኮረሪማው እንዳይሻግት በላስቲክ ሸፍኜ፣ የጥምዙን ቅመም ወደ ውስጥ አስገብቼ ቁጭ ብያለሁ። ጎኔ ዙሌይካ አለች፤ ስልጤ ናት፣ ሻሽና የልጆች ልብስ ትሸጣለች፤ ሱቃችንን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፣ በእሱ ቀዳዳ ስንት ዓመት አብረን ሰው አምተናል። አንድ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ሞተሩን እያስጮኸ ከውስጡ የወንድሜ ድምፅ ወጣ። አሁን በየስልኩ አለ። ባለፈው ዓመት የጫነውን ነው፣ ያችኑ የወንዟን። ያ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ሳግ ይይዘዋል።

«ወንድምሽ ዛሬም ያለቅሳል» አለች ዙሌይካ በቀዳዳው። «ወላሂ እኛ ቤት እንዲህ የሚያለቅስ ወንድ ቢኖር ተሸክመን አማን ሆስፒታል ነበር የምንወስደው።»

«ተይ እባክሽ።»

«ምን ልተው? ፊትሽን አላይም እንዴ? ይህ ዘፈን በመጣ ቁጥር ደንበኛ ትሳደቢያለሽ።»

«መዝሙር ነው።»

«መዝሙር ይሁንልሽ። ለምን አትነግሪውም?»

«እናቴ በሕይወት እያለች?»

ዙሌይካ አንድ የልጅ ሹራብ አጣጠፈች። «እናትሽም እኮ የምትሰማው ይህንኑ ነው» አለች ኋላ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት የሚሆነውን ታውቃለች፣ ነግሬያታለሁ። የአባዬ ሰባት ዓመት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ኃይለሚካኤል በቪዲዮ ሊቀረጽ ነው፣ እናታችን ቤት፣ እሷን ጎኑ አስቀምጦ፤ በተዝካሩ ቀን አዳራሽ ውስጥ በትልቁ ይታያል፣ ከዚያም ለዓለም ይለቀቃል። «ይህ ነው የሚቀረው፣ እትዬ» ብሎኛል በስልክ። «እኛ ብናልፍ ልጆቻችን የሚያዩት ይህንን ነው። እማዬን ነጭ አልብሻት።» የሚቀረው ያ ከሆነ አንጓች አለቀላት። ላስቲኩን በድንጋይ ጫን አድርጌ፣ ሱቁን ለዙሌይካ ትቼ ወጣሁ።

የእናቴ የታንጉት ቤት ከአሮጌው ሚዛን ዳገቱ ላይ ነው። ሳሎኑ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ርጥበቱ ከሥር እየበላው ከግማሽ በታች ጭቃው ይታያል። ዳንቴል የለበሱ ሁለት ወንበሮች፣ የአባዬ ፎቶ፣ የላስቲክ አበባ። በስተግራ ግድግዳው ላይ፣ ከጓዳው በር አጠገብ፣ ያ ሚስማር አለ። አባዬ በገናውን እዚያ የሰቀለው የምድጃው ጢስ እንዲደርሰው ነው፤ በዚህ አገር ዝናብ የበግ አንጀት አውታር ጢስ ካላገኘ ይላላል፣ ይሻግታል። ቡና የጫነ አይሱዙ ከታች በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ቤቱ ይንቀጠቀጥና በገናው ለብቻው ዝዝ ይል ነበር። አሁን በገናው አማን ከተማ ነው፣ በወንድሜ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። እማዬ ግን መኪና ባለፈ ቁጥር የያዘችውን ትታ ሚስማሩን ቀና ብላ ታያለች። ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻታለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እሰማዋለሁ። እንጨቱ አማን፣ ድምፁ እዚህ።

ነጩን ቀሚስ አለበስኳት። ፀጉሯን ሳበጥርላት «ለምንድን ነው?» አለች።

«ኃይሌ ሊቀርጽሽ ነው።»

«እኔን ምን ሊያደርገኝ?»

«ጎኑ ልትቀመጪ።»

እናቴ ነገር አታበዛም፤ ከሷ ጋር የሚውል ሰው ከመናገር ይልቅ ማየት ይለምዳል። ኃይለሚካኤል በገና በያዘ ቁጥር ያቺ ቦታ ስትደርስ ተነሥታ ጓዳ ትገባለች። በአባዬም ጊዜ እንዲያው ነበረች፤ እሱ በገናውን ሲያወርድ እሷ ጓዳ ናት፣ የምትሠራው ሥራ አታጣም። የአንጓችን ስም እንዳትሰማ የምትሸሽ ይመስለኝ ነበር። ዝምታ ውስጥ ስም ይሰማል ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ከቀትር በኋላ መጡ። ኃይለሚካኤል በገናውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል፤ ሚስቱ ሳባ አዲስ ምንጣፍ ይዛለች፤ ሲላስ የሚባለው ቪዲዮ ቀራጺ ካሜራውንና ማይኩን ተሸክሟል። ሲላስ የቤንች ሰው ነው፣ ጺሙ የሸበተ፣ ጨዋ፣ አማን ላይ ስቱዲዮ አለው፤ ለሠርጉም ለቸርቹም እሱ ነው የሚቀርጸው። በገና ግን ቀርጾ አያውቅም። ወንድሜ ገና አንድ ጊዜ ሲመታው ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካካ።

«ኃይሌ፣ አንድ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል። ዝዝዝ ይላል።»

«እንዚራው እኮ ነው! አውታሩ ሥር ያለው ቆዳ። እንዲህ ነው የበገና ድምፅ።»

«ታዲያ ሆን ተብሎ ነው የሚበላሸው?»

ሁላችንም ሳቅን፣ እማዬ ሳትቀር በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ለእናቱ ሟች ነው፤ በገናውንም ይወደዋል፣ በክረምት አዲስ አበባ እየሄደ ከመምህር ተምሯል፣ አሁን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያስተምራል። ጣቶቹ ከአባዬ ይፈጥናሉ። ግን «የአባዬ አደራደር ደረቅ ነበር» ይላል፤ «ስሜት ያስፈልገዋል፣ ሰው ካልነካው ምን ዋጋ አለው?» ይላል። አባዬ ሲደረድር ፊቱ እንደ ግንድ ነበር፣ ድምፁም የሚያንሾካሹክ ሰው ድምፅ። ደረቅ ያላት ያቺ ዙር ስትመጣ ግን ጎረቤት ሳይቀር ከግቢ ውጭ ጆሮውን ያቆም ነበር። ያኔ ልጅ ብሆንም አየሁ።

ሳባ እማዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። «እማማ፣ እጅዎን እንዲህ ጉልበትዎ ላይ። እንዲያ ነው፣ ያምራል።» ምንጣፉን አነጠፉ፤ የአባዬን ፎቶ ካሜራው እንዲያየው ወደ ቀኝ አዞሩት። ኃይለሚካኤል በገናውን ግራ ትከሻው ላይ አስደግፎ ዐይኑን ጨፈነ። ጀመረ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። «ማዶ ቀርቻለሁ» ሲል ጉንጩ ረጠበ። «በሱ እሻገራለሁ» አለና የራሱን ስንኝ ሊጀምር አፉን ሲከፍት እማዬ ተነሣች። በካሜራው ፊት አልፋ ጓዳ ገባች።

«እማማ ተነሡብን» አለ ሲላስ ቀስ ብሎ።

ሳባ እጇን ይዛ መለሰቻት። እንደገና ተጀመረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ተነሣች። ወንድሜ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ፤ «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታገሺልኝ» አላት። ታቀፈችው፣ ራሱን ደባበሰችው፣ ተቀመጠች። በሦስተኛውም ተነሣች። ያኔ ሳባ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ፣ «ሲጀምር ካየናቸው ይበቃል፤ የቀረውን ያለሳቸው ይቀረጽ» አለችው። ኃይለሚካኤል ራሱን ነቀነቀ። «ይሻላል» አለ። «አባዬም ራሱ እዚህ ላይ ስንኙ ይጠፋበት ነበር። ዕድሜ ነው። እኔ እንኳ ባልሞላለት ኖሮ ጎዶሎ ሆኖ ይቀር ነበር።»

ሄጄ መዳፌን አውታሩ ላይ ጫንኩበት። ድምፁ እጄ ሥር ተንቀጥቅጦ ሞተ።

«እትዬ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ስንኝ ጠፋበት? እዚያው ቦታ?»

«ምን ሆነሻል?»

«ይህ ቦታ ባለቤት አለው። ያንተ አይደለም። ከኔ በታች፣ ካንተ በላይ እኅት ነበረችን። ቴፒ ነው የቀረችው። አባዬ እዚህ ጋ ዝም የሚለው ለሷ ነው፤ ወደ ግራ የሚያዘነብለውም ወደሷ ነው፣ ወደ ቴፒ። ሌላ መቃብር የላትም። አንተ ደግሞ ታለቃቅስባታለህ።»

ሳባ «በስመ አብ» አለች። ሲላስ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አወረደና ወለሉን ማየት ጀመረ። ወንድሜ ፊት ላይ ያለው ዕንባ ገና አልደረቀም፣ ያ የቅድሙ ዕንባ፣ አሁን የማን እንደሆነ አይታወቅም። «ስሟ ማነው?» አለኝ።

ጓዳው በር ላይ ወደቆመችው እናቴ አልዞርኩም። ባያት ኖሮ ስሙን ልጠራው አልችልም ነበር። «አንጓች» አልኩ።

ከጣራው ሥር ያ ስም ተጠርቶ ማንም አልወጣም፣ ማንም አላባረረኝም። ከኋላዬ የእማዬ ድምፅ መጣ።

«ለሷ አይደለም።»

ዞርኩ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ወደ ማናችንም አታይም።

«ለሷ አይደለም» አለች ደግማ። «የኔ ነበር። አገራችን ሳለን እሱ ከፊት ቤት ይላል፣ እኔ ከጓዳ ሆኜ እቀበለው ነበር። እዚያች ላይ። ከሠርጋችን ጀምሮ እንዲያ ነበርን። ልጅቷን ቀብሬ ስመለስ ድምፄን እዚያው ተውኩት። ያኛውን በገና በድርቁ ጊዜ በእህል ለውጠነው ነበር፤ ይህንን እዚህ ከዋንዛ ጠርቦ የጨረሰ ዕለት መጀመሪያ ያላት ያችን ናት። እዚያ ሲደርስ ጠበቀኝ። ጓዳ ነበርኩ። አልተቀበልኩትም። አንድ ዙር ጠብቆኝ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ አንድ ዙር ይጠብቀኛል፣ ያልፋል። እስኪሞት። አንድም ቀን ‹ለምን› አላለኝም።»

ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ተናግራ ጓዳ ገባች። ያ ግራ፣ ያ ዕድሜዬን ሙሉ ቴፒ ነው ያልኩት ግራ፣ ለካ የጓዳው በር ነው። ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ነው እኔ ሐዘን ስቀመጥ የኖርኩት። አንጓች ያን ያህልም አልነበራትም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽም፤ በሁለቱም ተናደድኩ። እሱ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣ መካከላቸው አንድ መጋረጃ፤ እሱ እየጠራት፣ እሷ እየሰማች፣ ስንት ሁዳዴ አለፈ። አባዬ ጨዋ ሰው ነበር። አንድ ዙር ይጠብቃል፣ ያልፋል። ሰው አያስጨንቅም። እኔ ጨዋ አይደለሁም፤ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ገበያ የገባሁ ሴት ነኝ፣ ደንበኛ ካልገዛኝ መንገድ ድረስ ተከትዬ የምሄድ።

«አንሣው» አልኩት ወንድሜን።

«እትዬ፣ ዛሬ ይቅር። እማዬ...»

«አንሣው። ከመጀመሪያው ጀምር። እዚያ ስትደርስ አትለፍ።»

«አትለፍ ማለት?»

«ያችኑ ዙር ዞር። እኔ በቃ እስክልህ። ስንኝህን እንዳታስገባ፣ እንዳታለቅስም። ጠብቅ።»

መጋረጃውን ገልጬ ጓዳ ገባሁ። እማዬ በጨለማው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፣ እጇ አንድ ባዶ ጣሳ ይዟል። ከጓዳው ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለ፤ ሄጄ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዝናቡ ጀርባዬን እየመታኝ። ከፊት ቤት በገናው ተነሣ። «ወንዙ ሞልቶብኛል» አለ ወንድሜ። ድምፁ ደነገጠ መሰለኝ፣ ያን ሁሉ ጌጡን ጥሎታል። «በሱ እሻገራለሁ» አለና ዝም አለ። አውታሩ ዞረ። አንዴ። አባዬ የሚያልፍበት ቦታ ደረሰ፤ አላለፈም። እንደገና ዞረ። እንደገና። እማዬ ጣሳውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ በር መጣች፤ እኔን አገኘች።

«ልለፍ ልጄ።»

«አልነሣም እማዬ።»

«ተይኝ፣ ይበቃል።»

«አልተውሽም።»

ቆመች። በመጋረጃው ክፍተት የኃይለሚካኤል ፊት ይታየኝ ነበር። ዐይኑን አልጨፈነም። ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ ወደኛ፤ ሆን ብሎ አይደለም፣ በገና ታቅፎ ከጓዳ ሰው የሚጠብቅ ሰው አንገቱ የሚዞረው ወደዚያ ብቻ ነው። ዕንባ የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። ጣቶቹ ብቻ ይሄዳሉ፣ እየከበዱ፣ እየዘገዩ፣ እያንዳንዷ ምት ጆሮዋን አቁማ። ሲላስ ካሜራውን ይዝጋው አይዝጋው ረስቶ ቆሟል። ከቁም ነገር የማልቆጥረው የወንድሜ በገና ያኔ ያዘኝ። ዙሩ ተመለሰ፣ አሁንም ተመለሰ። የእማዬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ተዘጋ። ጉሮሮዋን ጠረገች። ጣቷን አንሥታ አየሩ ላይ አንድ ነገር ለካች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ተቆጣች።

«ከፍ አድርጎታል» አለች። «እኔ እዚያ ድረስ የምወጣበት ጉሮሮ አሁን የለኝም። አውርደው በይው።»

«ኃይሌ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ቅኝቱን አውርድ!»

በገናው ቆመ። የመቃኛዎቹ እንጨት ሲንጫጫ ተሰማን፤ አንዱን አውታር፣ ሌላውን፣ እያላላ እየሞከረ። እማዬ ነጠላዋን አዙራ ደግማ ለበሰችው፣ ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ ተጠጋች፣ ቆማ ትጠብቅ ጀመር። እኔ ግን ከደፉ ላይ አልተነሣሁም።